ዕድራችን ቃለ ጉባኤ አለው፤ ሀገራችንስ?

ወገኔ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው ይዤልህ የመጣሁት። ርዕሱን ብቻ አይተህ ላይክ አድርገህ አትለፍ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው። አንቺም እህቴ እንደዚያው። ካልተስማማህ ኮሜንት ላይ እንገናኝ። ብቻ ስድብ ይዘህ አትምጣ፣ ሐሳብ ይዘህ ና። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ወደ መጨረሻው ይገባሃል።

ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ። ዲግሪዬ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ "የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው" የሚለውን እያነበብኩ እውላለሁ። ይሄ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ነገር አይደለም፣ አብራችሁኝ የቆማችሁ ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ የሁለት ቀን ሥራ አገኘልኝ። አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ነበር። ሥራዬ በር ላይ ቆሜ ስም መመዝገብ፣ ባጅና ፎልደር ማደል ነው። ስብሰባው ስለ ምን መሰለህ? ስለ ተመራቂዎች ሥራ አጥነት! ሥራ አጡ ተመራቂ በር ላይ ባጅ ያድላል፣ ውስጥ ስለ እሱ ይመከራል።

ያየሁትን ልንገርህ። ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሏል። የክብር እንግዳው መጥተው ንግግር አነበቡ፣ ካሜራው ቀረጸ፣ ከሻይ ዕረፍት በፊት "አስቸኳይ ሥራ አለባቸው" ተብሎ ወጡ። ካሜራውም ተከትሏቸው ወጣ። ከዚያ ጥናት አቅራቢዎቹ ተራ በተራ መጡ። ስንት ጊዜ የለፉበትን ሥራ በ15 ደቂቃ ጨርሱ ተባሉ። መድረክ መሪው "ጊዜ ስለሌለን ሦስት ጥያቄ ብቻ" አለ። ከምሳ በኋላ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። አመሻሽ ላይ የአበል ፊርማ ሲጀመር ግን ጠዋት ያላየሁት ሰው ሁሉ ተሰልፏል።

ሲያልቅ "ወንበር ላይ የቀሩትን ወረቀቶች ሰብስበህ ጣላቸው" ተባልኩ። አልጣልኳቸውም። በካርቶን አድርጌ ቤት ወሰድኳቸውና ማታ ማታ አነበብኳቸው። እውነት ለመናገር ደነገጥኩ። አንዱ ወረቀት ስለ እኔ ነው የሚያወራው። ቀጣሪዎች ጀማሪን ለምን እንደሚፈሩ፣ ተማሪ በየትምህርት ክፍሉ ሲመደብ ገበያው ለምን እንደማይታይ፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ዘርዝሮ አስቀምጦታል። መልሱ፣ ወይም ቢያንስ የመልሱ ግማሽ፣ እዚያው ነበር። ወንበር ላይ ቀረ።

እናም አንድ ነገር ገባኝ። ሀገራችን አሳቢ ሰው አላጣችም። ስብሰባም አላጣችም፣ እንደ ስብሰባማ ቢሆን የት በደረስን! ያጣነው አሳቢዎቿ ተቀምጠው፣ እውነቱን ተነጋግረው፣ የተነጋገሩት መሬት የሚደርስበትን መንገድ ነው።

*

እናቴ የሰፈራችን ዕድር አባል ናት። ዕድሩ ውስጥ ፕሮፌሰር የለም። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ የሚነበበው ያለፈው ቃለ ጉባኤ ነው። "ባለፈው ድንኳኑ ይጠገን ብለን ነበር፤ ተጠገነ ወይ?" ይባላል። ካልተጠገነ ኃላፊነት የወሰደው ሰው ተነስቶ፣ በሰው ፊት፣ ምክንያቱን ይናገራል። የቀረ ይቀጣል። ያረፈደም ይቀጣል።

አሁን ልጠይቅህ። ስለ ትምህርት፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሰላም ምሁራን በተጠሩባቸው ሀገራዊ ስብሰባዎች ላይ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሲነበብ ሰምተህ ታውቃለህ? "ባለፈው እንዲህ ብለን ነበር፣ ማን ሠራው?" ሲባል አይተሃል? እኔ አላየሁም። ለድንኳን ያለንን ሥርዓት ለሀገር አጣነው ማለት ነው እኮ!

ይሄ ደግሞ ከፈረንጅ የምንበደረው ነገር አይደለም። ቦረና ሂድ። ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ይሰበሰባል፣ ሕግ ይፈተሻል፣ ሥልጣን የያዘ ሰው እንዴት እንደመራ ይጠየቅበታል። ድሮ አፈርሳታ ነበረ። ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ እውነቱ እስኪወጣ አይበተንም ነበር። አባቶቻችን ምክክር ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር። እኛ ነን "ወርክሾፕ" ብለን ያቀለልነው።

*

ጥፋቱ የማን ነው? ሦስት ተጠያቂዎች አሉ። መጀመሪያ ጠሪውን እንይ።

የሀገራችን መንግሥታት፣ የአንዱ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ልማድ አላቸው። ወይ ምሁሩን በር ዘግተው ያማክሩታል፣ ወይ ከወሰኑ በኋላ ለማጨብጨብ ይጠሩታል።

የመጀመሪያውን ከታሪክ እይ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ በ1964፣ የሀገር ውስጥና የውጭ ባለሙያዎች ተሰብስበው የትምህርት ሥርዓቱን አጠኑ። ሐሳቡ ቁም ነገር ነበረው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ላልረገጠው ለብዙው የገጠር ልጅ መሠረታዊ ትምህርት ለማዳረስ ያለመ ነበር። ግን ሰፊው መምህር አልተጠየቀም፣ ወላጅ አልተጠየቀም፣ ወረቀቱም ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። በ1966 ወሬው ሲወጣ መምህሩ "በእኔ ኑሮ ላይ የመጣ ነው" አለ፣ ወላጁ "የድሃ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ ነው" አለ። የካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፣ የታክሲ ሾፌሮችም አቆሙ፣ ከተማው ተናወጠ። መንግሥት ዕቅዱን ቢያነሳም ረፍዶበት ነበር። ሰባት ወር ሳይሞላ ዙፋኑ ወደቀ። ዙፋኑን የጣለው ይሄ ብቻ ነው አልልህም፣ ረሃቡ ነበር፣ የነዳጁ ዋጋ ነበር፣ የወታደሩ ቁጣ ነበር። የምልህ፣ በበር ዝግ የተመከረ መልካም ሐሳብ እንኳ ሲወጣ እንደ ሴራ ነው የሚታየው።

ሁለተኛውን ደግሞ ሁላችንም አይተነዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ሰኞ ጠዋት፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ ተባለ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ውሳኔው ትክክል ነው ስህተት ነው ብዬ እዚህ አልከራከርህም፣ ኢኮኖሚስቶችም አልተስማሙበትም። "የምንዛሪ ለውጥ ቀኑ አስቀድሞ አይነገርም" ትለኛለህ። እሺ፣ ቀኑ አይነገር። ግን ደመወዝተኛው ምን ይዋጠው፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ምን ይደረግ የሚለው በአደባባይ፣ በሚገባን ቋንቋ፣ አስቀድሞ ሊመከርበት አይገባም ነበር? ክርክሩን ቴሌቪዥን ላይ ያየነው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከሠርጉ በኋላ ሽማግሌ መላክ ማለት ይሄ ነው።

ጥሩ ሙከራም ነበረ። በ2012 ከተለያየ የፖለቲካ ጎራ የመጡ 50 ሰዎች "ዴስቲኒ ኢትዮጵያ" በሚል ስም ተሰብስበው ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2040 ምን ልትሆን እንደምትችል አራት መንገድ አስቀመጡ፦ ሰባራ ወንበር፣ አፄ በጉልበቱ፣ የፉክክር ቤት፣ ንጋት። እርስ በርስ የማይሰላለሙ ሰዎች ቁጭ ብለው ንጋትን እንሻለን አሉ። ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013፣ ጦርነት ገባን። ለምን? ሃምሳው ሲቀራረቡ እነሱን የሚከተለው ሕዝብ አብሮ አልተቀራረበም። ስምምነቱም ማንንም የሚያስገድድ ነገር አልነበረውም። የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል ይባል የለ? ሳይዘጋ አደረ፣ ሌባው ገባ።

የምክክር ኮሚሽኑም በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ሲቋቋም 11 ኮሚሽነሮችና ሦስት ዓመት ተሰጠው፣ በ2017 ደግሞ ጊዜው ተራዘመ። ብዙ ሺህ ሰው አጀንዳ ሰጥቷል። አልንቀውም። ግን አልገባም ያሉ ፓርቲዎች አሉ፣ ጠመንጃ ካነሱት አብዛኞቹም ውጭ ናቸው። ጠበኛው በሌለበት የሚደረግ ሽምግልና ጸሎት ይሆናል እንጂ ዕርቅ አይሆንም።

*

ሁለተኛው ተጠያቂ ተጠሪው ነው፣ ማለትም ምሁሩ።

ጋሽዬ፣ እርስዎንም ነው። አዳራሽ ውስጥ ሌላ፣ ሻይ ላይ ሌላ የሚናገሩት እርስዎ። በር ላይ ቆሜ ሰምቼዎታለሁ እኮ! ውስጥ "አበረታች ጅምር ነው" ብለው፣ ደጅ ወጥተው "ይሄ ነገር ገደል ነው" አሉ። ገደል ከሆነ ውስጥ ለምን አላሉትም? ስለ ገበሬው አፈር በእንግሊዝኛ ጽፈው ለማዕረግ ዕድገት ያስያዙታል፣ የአፈሩ ባለቤት ግን አንድ መስመር አያነብም። ይሄ ዕውቀት ለማን ነው?

ታላላቆቻችሁ እንዲህ አልነበሩም። ገብረሕይወት ባይከዳኝ ስለ ንግድ፣ ስለ ጉምሩክ፣ ሀገር ጥሬ ዕቃ እየሸጠች ለምን ደሃ እንደምትሆን በአማርኛ ጻፈ። "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1916 ነው። ማጨብጨቢያም አበልም ሳያይ ጻፈ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ፋሺስት እያደነ የፈጀው ማንን ነበር? የተማረውን ወጣት። ጠላት የሚያስብ ሰው ዋጋ ስንት እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቅ ነበር።

እርግጥ ፍርሃታችሁ ከሜዳ አልመጣም፣ ይሄን መካድ ግፍ ነው። በሰኔ 1983 በአዲስ አበባው ጉባኤ የዩኒቨርሲቲው ተወካይ ሆነው የተገኙት የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የኤርትራ ጉዳይ በዚያ መንገድ መወሰን የለበትም ብለው ብቻቸውን ተቃወሙ። በአቋማቸው ተስማማ፣ አትስማማ፣ ያ ያንተ ጉዳይ ነው። ሰውየው ግን የተጠሩበትን ሥራ ሠሩ፣ ያመኑበትን ተናገሩ። በ1985 ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሲባረሩ እሳቸውም አንዱ ነበሩ። ከዚያም እስር ተከተለ፣ በ1991 በስደት ሀገር አረፉ። ያንን ያየ መምህር አፉን ቢይዝ ይፈረድበታል? ስለዚህ ምሁር ይናገር ስንል፣ የተናገረውን ማን ይጠብቀዋል የሚለውንም አብረን መመለስ አለብን።

*

ሦስተኛው ተጠያቂ? አንተና እኔ ነን ወዳጄ። እዚህ ጋ ሲደርስ ስክሮል አድርገህ አትለፈኝ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ያስተማሩኝ አንድ የታሪክ መምህር ነበሩ። ከእኛ በተቃራኒ ከሚቆም አንድ ሰው ጋር አንድ መድረክ ላይ ቁጭ ብለው ሲወያዩ ፎቷቸው ወጣ። የተናገሩትን አልሰማሁም። ፎቶውን ብቻ አይቼ "ሆዳም ባንዳ" ብዬ ኮሜንት ጻፍኩ። ከ400 በላይ ላይክ አገኘሁ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው አድንቆኝ አያውቅም። ከእኔ በኋላ የመጡት ደግሞ ልጆቻቸውን እያነሱ ሰደቡ። በሚቀጥለው መድረክ ላይ አልመጡም ተባለ።

ከወራት በኋላ ታክሲ ውስጥ ተገናኘን። አንገቴን ሰበርኩ። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቅ "የእሱን ከፍያለሁ" አሉት። ሊወርዱ ሲሉ ትከሻዬን ነካ አድርገው "ጽሑፍህን አይቼዋለሁ። ሁለት ቃል ብቻ ስለነበር ማርክ ልሰጥህ አልቻልኩም" ብለውኝ ወረዱ።

ሁለት ቃል። አራት ዓመት ተምሬ ለአስተማሪዬ የመለስኩላቸው ሁለት ቃል ነው። ያን ቀን ማታ ኮሜንቱን አጠፋሁት፣ እሳቸው ላይ ያደረሰውን ግን ማጥፋት አልቻልኩም።

እስቲ የዚያን ትውልድ ነገር አስበው። መሬት ለአራሹ ብሎ በ1957 አደባባይ የወጣው ተማሪ አንድ ነበር። በኋላ ኢሕአፓና መኢሶን ሆኖ ተከፈለ። ሁለቱም ያነበቡት መጽሐፍ አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለቱም ለጭቁኑ ቆመናል ይላሉ። በ1968 በአዲስ ዘመን ገጽ ላይ በብዕር ይሟገቱ ነበር። ሙግቱ በዚያው ቢቀጥል ኖሮ! በ1969 ጥይት ሆነ፣ ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ፣ ሁለቱንም በላ። ዛሬ በ60 እና በ70 ዓመታቸው ሊመክሩን ይችሉ የነበሩ ስንት አእምሮዎች አፈር ውስጥ ናቸው። የተጀመረው ግን በቃል ነው። "አድኃሪ" ከሚል ቃል። እኛ ዛሬ "ባንዳ" እንላለን። ቃሉ ተቀየረ እንጂ መንገዱ ያው ነው።

"ሀገሬን እወዳለሁ" ትላለህ። እኔም እወዳለሁ። ግን ሀገሩን የሚወድ ሰው ጠላቱ ያለውን ሳይሰማ እንዴት ሀገሩን ይጠብቃል? ከማይስማማህ ጋር ቁጭ ማለት መሸነፍ ከመሰለህ በሐሳብህ አልተማመንክም ማለት ነው።

*

"ወሬ ምን ይሠራል፣ ሰው እየሞተ?" የምትለኝ አለህ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በምን ቆመ? ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ጠረጴዛ ከበው ፈረሙ። ስንት ወጣት ካለቀ በኋላ የተቀመጥንበት ወንበር ከመጀመሪያውም ነበረ። መነጋገር አይቀርልንም፣ ከቀብር በፊት ወይስ ከቀብር በኋላ የሚለውን ብቻ ነው የምንመርጠው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ይሁን። ምሁራን ይሰብሰቡ፣ ግን እንደ ዕድር ይሰብሰቡ፦

አንደኛ፣ ለአንድ ስብሰባ አንድ ጥያቄ። "የሀገራችን ሁለንተናዊ ተግዳሮቶች" የሚል ርዕስ ይቅር። ለምሳሌ ይሄን አንሳ፦ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነው። ለምን? ይሄን ብቻ ይዘው ይቀመጡ፣ ሳይመልሱ አይነሱ።

ሁለተኛ፣ የማይስማሙት ይጠሩ። የሚስማሙ ሰዎች ስብሰባ ግብዣ ነው። የነገሩ ባለቤትም ይግባ፦ የገጠር መምህሩ፣ ገበሬው፣ ነጋዴዋ፣ ባጅ አዳዩም ጭምር።

ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤው ይታተም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ሁሉ። ማን ምን አለ፣ በምን ተለያዩ፣ በምን ተስማሙ የሚለው ይጻፍ።

አራተኛ፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይመልስ። ተቀበልኩ ካለ መቼ እንደሚሠራው፣ አልተቀበልኩም ካለ ምክንያቱን። ቀጣዩ ስብሰባ ሲከፈት መጀመሪያ ይሄ ይነበብ።

አምስተኛ፣ በተናገረው ነገር ማንም አይታሰር፣ ከሥራ አይባረር። ይሄ ከሌለ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ስድስተኛ፣ ከትራንስፖርትና ከምሳ በላይ አበል ይቅር። ያኔ ማን ለሀገሩ እንደመጣ በር ላይ ሆኜ እቆጥርልሃለሁ!

*

"እኔ ምን ላድርግ፣ ሥልጣን የለኝ" አትበለኝ። እኔም ሥራ እንኳ የለኝም። ግን ያ ካርቶን ነበረኝ።

የዕድራችንን ዳኛ ለመንኳቸው፣ የዕቃ ቤቱን በረንዳ ፈቀዱልን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሆነን እንቀመጣለን፣ ዕድሩ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ። አንድ ሰው አንድ ወረቀት አንብቦ በአማርኛ አሳጥሮ ያስረዳል። የእንግሊዝኛውን ጥናት እናቴ በሚገባት ቋንቋ ካላስረዳ እንደገና ይሠራል። ከእኛ መሃል አንዷ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። እስካሁን አራት ወረቀት ጨርሰናል፣ በሁለቱ ተጣልተናል፣ ማንም ማንንም ባንዳ አላለም። ያረፈደ አሥር ብር ይቀጣል። እስካሁን ብዙ የተቀጣሁት እኔ ነኝ።

አንተም ሰፈርህ ውስጥ ጀምር። በረንዳ አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሚከማችበት መደርደሪያ አንድ አውርዱና አንብቡት። ስንት ወንድማችሁና እህታችሁ የለፉበት እዚያ አቧራ ጠጥቷል። ወረዳ ስብሰባ ሲጠራችሁ "ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብ!" በሉ። አንድ ሰው ሲል ይሳቃል። አሥር ሰው ሲል ይነበባል።

እኔም ባለፈው ሳምንት ቲቸርን ደወልኩላቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ። እሑድ ይምጡልን አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ያንን አብሮኝ ፎቶ የተነሳውን ሰውዬ ይዤ ብመጣስ?" አሉኝ።

ይዘዋቸው ይምጡ አልኳቸው። ወንበር ተውሰናል።

ኢትዮጵያ በልጆቿ ምክር ጸንታ ትኑር!